«አይ» እና «ዐይን»



አይዛክ ሞዘሰን የተባለ ጸሐፊ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛ ምንጩ ዕብራይስጥ ነው ብሏል። በዚህ መንገድ ለሚያስብ ሰው የእንግሊዙ «አይ» ከዕብራይስጡ «ዐይን» የተወለደ ይመስለዋል። ነገር ግን ጀርመናዊው «አውገ» ይላል፤ ጥንታዊው እንግሊዝኛም «ኤአገ» ይል ነበር። ቃሉ ወደ ኋላ በተፈለገ ቍጥር ከ«ዐይን» ይርቃል። እርግጥ «አሜን» እና «ሰንበት» ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ከዕብራይስጥ ወደ አውሮጳ ገብተዋል።

የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ዕብራይስጥ «ሻሎም»፣ «ላሾን»፣ «ሮሽ» ሲል ግዕዝ «ሰላም»፣ «ልሳን»፣ «ርእስ» ይላል፤ አማርኛም «ራስ»። «ሽ» በየቦታው «ስ» ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሥርዐት የእኅትማማቾች ምልክት ነው፤ በአራማይስጥ በኩል የመጣው «ታቦት» ግን ብድር ነው። ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስው በ1661 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም መምህሩ የመካነ ሥላሴው ሰው፣ የቤተ አምሐራው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ አገሩ ዛሬ ደቡብ ወሎ ነው።

ታዲያ ኩታበር ገበያ «ዐይኔን አመመኝ» የሚል ገበሬ ቃሉን ከማን ተበደረ? ግዕዝን የዕብራይስጥ ልጅ የሚያደርጉ ወገኖች ያከበሩት ይመስላቸዋል፤ ለእኔ ግን ከእኅትነት ማውረድ ነው። የዚያ አገር ልጆች የሆናችሁ፣ ለዕረፍት ስትወርዱ የሰማችሁትን ቃል አስቀድማችሁ በግዕዝ፣ በአርጎብኛና በትግርኛ ፈልጉት፤ ከዐረብኛና ከኦሮምኛ የገባም እንዳይሆን መርምሩ። ዕብራይስጡ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።