የዱቄቱ ከረጢት ሲያዝን

እሷ፦ የአኒሜሽን ገጸ ባህሪ ማንቀሳቀስ መማር የሚፈልግ ልጅ ከየት ይጀምር?

እሱ፦ ከዱቄት ከረጢት! ዲዝኒ ቤት ጀማሪዎች ይለማመዱ የነበረው በግማሽ የተሞላ የዱቄት ከረጢት እየሳሉ ነው። ፊት የለው፣ እጅ የለው። የላይኛዎቹን ጫፎች ወደ ታች ጣል፣ ወገቡን ጎበጥ ስታደርጊው ግን ያዝናል።

እሷ፦ ወይ ጉድ! ያለ ዓይን፣ ያለ እንባ?

እሱ፦ ያለ ምንም። የዲዝኒ አኒሜተሮቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 የአኒሜሽን መርሆዎችን አስፍረዋል። እኔ ከሁሉም የምወደው ዝግጅትን ነው። ሰው ከመዝለሉ በፊት ጉልበቱን ያጥፍ የለ? ያቺ እጥፋት ካልተሳለች ዝላዩ ክብደት አይኖረውም።

እሷ፦ ለካ ትናንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ያየሁት እሱን ነው! አንዲት እናት የከበደ ዘንቢል ሊያነሱ ሲሉ፣ እጃቸው ገና ሳይዘረጋ ትከሻቸው ዝቅ አለ።

እሱ፦ በይ ሳይጠፋሽ ሳይው!