ዘሩ ከየት መጣ?

(ለድርጅታችን ደጋፊዎች ከተሰጠ ንግግር)



ስለ ዛፍ ተከላ በተነሣ ቁጥር የምንጠየቀው «ስንት ችግኝ ተተከለ?» ተብለን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ይህ የሕዝባችንን ትጋት ያሳያል። ነገር ግን ከቁጥሩ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዘሩ ከየት መጣ?» የሚል ነው።

እግዚአብሔር ምድርን ዘር ያለውን ተክል በየወገኑ እንድታበቅል እንዳዘዘ በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እናነባለን። በአንዱ ወገን ውስጥም ብዙ ልዩነት አኑሯል። አንዱ ወይራ ድርቅ ይችላል፤ ሌላው ተባይ ይቋቋማል። ለሚመጣው ክፉ ዘመን የትኛው እንደሚያስፈልገን ግን በዓይን አይተን አንለይም።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ጊዜ ሲያጥረው ዘር የሚለቅመው ለመንገድ ከሚቀርበው ዛፍ ነው። ከአንድ ዛፍ ሥር ለብዙ ሺህ ችግኝ የሚበቃ ዘር ይገኛል። ይሁን እንጂ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ሊጥል ይችላል። አድገው እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉም የልጆቻቸው ብርታት ይቀንሳል።

ስለዚህ በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች፣ ቢቻል ከ30 ከማያንሱ፣ ቢያንስ 50 ሜትር ከተራራቁ እናት ዛፎች ዘር እንዲለቀም ይመክራሉ። ከእያንዳንዱ ተመጣጣኝ መጠን ተወስዶ፣ የሚበዛው ለወፎችና ለደኑ ይተዋል። ኮሶ ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ስለ ሆነ ዘር የሚገኘው ከሴቴዋ ብቻ ነው። የጥቁር እንጨት ዘር ቶሎ ስለሚሞት ትኩሱን መዝራት ያሻል፤ የግራር ዘር ግን በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቆያል። ፍሬ የሚበስለው የእኛን የበጀት ወር ጠብቆ አይደለም።

የቦታውም ነገር አለ። ዘሩ በአመዛኙ ከፍታውና ዝናቡ ከሚተከልበት ስፍራ ጋር ከሚመሳሰል አካባቢ ሊመጣ ይገባል። የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ስለ ሆነ ግን፣ ጥቂቱን ትንሽ ሞቅ ካለና ደረቅ ካለ ስፍራ መቀላቀል ይበጃል። በሰሜን ያሉ ገበሬዎች ገብስና ስንዴ ቀላቅለው ሲዘሩ፣ ዝናቡ ቢከፋ አንዱ ይተርፋል ብለው ነው። ይህ ጥበብ ለዛፍም ይሠራል።

በደቡብ ጎንደር በመሳሰሉ ስፍራዎች የቀሩት አገር በቀል ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ቀሳውስቱ ለብዙ ትውልድ ጠብቀው አቆይተውልናል። ዘር ስንፈልግ ወደ እነርሱ በትሕትና ሄደን ማስፈቀድና ማመስገን ይገባናል።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለው ሥራ የእግር ጉዞ፣ የለቃሚ አበልና ትዕግሥት ይጠይቃል። በስጦታችሁ የሚተከለው ችግኝ በቁጥር ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርታችን ሲደርሳችሁ የችግኙን ብዛት ብቻ አትመልከቱ። ከስንት እናት ዛፎች እንደ ተለቀመ፣ ከሁለተኛው በጋ በኋላም ስንቱ እንደ ጸደቀ ጠይቁን። የመለሰልን ዝም ያለ ሠራተኛ ቢኖር፣ ደግማችሁ ጠይቁት።

ለዘሪ ዘርን የሚሰጥ አምላክ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።