የክብር ቅጂና የሻንሲ ቁጥር፦ ስለ አሮጌ መኪኖች እድሳት

በኮምቦልቻ ለምህንድስና ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ርእሴ ለኮምቦልቻ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለተራ ቤተሰብ በተሠራ አካል ላይ ግዙፍ ሞተር እየጫኑ ይሸጡ ነበር። «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ጡንቸኛ መኪና እንደ ማለት ነው። ከመካከላቸው ስመ ጥሮቹ ጥቂት በመሆናቸው ዋጋቸው ዛሬ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ወዳጆቻቸው ተራውን ሞዴል ይገዙና ሞተሩን ቀይረው፣ ቀለሙንና ምልክቱን አስመስለው ዝነኛውን ይሠራሉ። ባለቤቱ ቅጂ መሆኑን በግልጽ ሲናገር ሥራው «ትሪቢውት» ይባላል፤ እኔ «የክብር ቅጂ» ብዬዋለሁ። ደብቆ ሲሸጠው ግን ማጭበርበር ነው። በብረትና በቀለም ሁለቱን መለየት ያዳግታል። የሚለዩት በሰነድና በቁጥር ነው፤ የዛሬው ነገሬም ይኸው ቁጥር ነው።

ከማውቃቸው ሁሉ የሚደንቀኝ የአንድ ፎርድ መስታንግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «ቡሊት» በተሰኘው ፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን አረንጓዴ መስታንግ እየነዳ በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ወንጀለኞችን ያሳድዳል። ለፊልሙ ሁለት መኪኖች ተዘጋጅተው ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1974 በ6,000 ዶላር ተሽጦ ለዓመታት እንደ ማንኛውም የቤት መኪና አገለገለ። በጥር 2020 በጨረታ ሲወጣ መዶሻው ያረፈው በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ መኪና አልታደሰም። ቀለሙ እንደ ደበዘዘ፣ ዝገቱም እንዳለ ነበር።

ሁለተኛው ከቀረጻው በኋላ እንደ ጠፋ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን በሜክሲኮ፣ በባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር መገኘቱ ተሰማ። የገዙት ሰዎች የሚፈልጉት ባዶ አካሉን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሌላ ፊልም ላይ የታየውን ሌላ መስታንግ የክብር ቅጂ ሊሠሩበት አስበው ነበር። ሥራው ሳይገፋ ቁጥሩ ተመረመረ፤ መጨረሻው 125558 ሆኖ ተገኘ። በሚሊዮኖች የተሸጠው ወንድሙ 125559 ነው። የሌላ መኪና ቅጂ ሊሆን ተቆርጦ የሚበየደው ብረት ራሱ ዋናው ነበር ማለት ነው። አካሉ የዛገ፣ ሞተር የሌለው ቅሪት ስለ ነበር በዓይን አይቶ የሚያውቀው አልነበረም። ያተረፈው የቁጥሩ ምት ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ተራ ተከታታይ ቁጥር አይደለም። በ1968ቱ መስታንግ የመጀመሪያው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካውን፣ አምስተኛው ምልክት ደግሞ ሞተሩን ይነግረናል። «ኤስ» ከሆነ 6.4 ሊትር ገደማ የሆነው፣ 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። «ቲ» ከሆነ ባለ ስድስቱ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ነው። «ቲ» የተመታበት መኪና የቱንም ያህል ቢያጓራ ከፋብሪካ የወጣው በትንሹ ሞተር ነው።

ለመካኒካል ተማሪዎች ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ባለ ስድስት ሲሊንደሩ መስታንግ ጎማው በአራት ብሎን ሲታሰር ባለ ስምንቱ በአምስት ይታሰር ነበር። ልዩነቱ የብሎን ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ፣ የፊት ሞላውና የኋላው አክስል የተሠሩት ለሚሸከሙት ሞተር ክብደትና ጉልበት ነው። ትልቁን ሞተር ጭኖ አራቱን ብሎን የተወ ሰው የሠራው የክብር ቅጂ አይደለም፣ አደጋ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አስቡት።

ወደ ራሳችን ጋራዦች ስንመጣ፣ እዚህ መስል ካር ፍለጋ አንደክምም። ያሉን ቮልስዋገንና ፊያት ናቸው። ቋንቋችንም ይመሰክራል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ የተመላለሱት ፊያት 682 ኤን ትሬዎች ዕድሜያቸውን ያረዘሙት አንዱ ከሌላው ዕቃ እየተዋሰ ነው። ይህ የድህነት ጥበብ ነው፤ ጥበብነቱን ግን አልጠራጠርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከሦስት መኪና የተሰበሰበው አንዱ መኪና ማን ይባላል?

ቮልስን እንውሰድ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሬቱ መካከል በሚያልፈው ቱቦ መሰል አጥንት ላይ ነው። ግራና ቀኝ ያለው ላሜራ ሲዝግ አጥንቱን ሳይነኩ መለወጥ ይቻላል፤ ቁጥሩም በቦታው ይቀራል። አካሉን እንዳለ አንሥቶ በሌላ ቮልስ መሬት ላይ ማሰርም ይቻላል፤ የሚያያዙት በብሎን ነውና። ያን ጊዜ ሊብሬው አንድ ነገር፣ ዓይናችን የሚያየው ሌላ ነገር ይናገራል። በወፍራም ስቱኮና በአዲስ ቀለም ሥር የተቀበረ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ አይናገርም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለ መመሪያው የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ ለዛሬው ርእስ ግን ውጤቱ ግልጽ ነው። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ምትክ የላቸውም። ዋጋቸው እየጨመረ ሲሄድ የሚያስመስላቸውም ይበዛል።

እኔ ቅጂን አልቃወምም። ከተራው 1200 ቮልስ የ1950ዎቹን ባለ ሞላላ መስኮት አስመስሎ የሚሠራ ባትላሜራ ካለ እጁን እስመዋለሁ። የምለምነው መኪናውን ከመፍታቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲያደርግ ነው፦ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ያንሣ፤ የሚያወጣውንና የሚያስገባውን ዕቃ ከየት እንደ መጣ በደብተር ይጻፍ፤ ሞተር ወይም ቀለም ሲቀየር ሊብሬው ላይ ያስመዝግብ። ቁጥሩ ባለበት ብረት ላይ መፍጫም ሆነ ብየዳ አይድረስ።

ተማሪዎች በዚህ ሴሚስተር መጀመር ትችላላችሁ። በከተማችን የቆሙ አሮጌ መኪኖች በየግቢው አሉ። ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ፣ የእጅ ባትሪና የሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብሩሹን ቀስ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፣ ምቱ ጥልቅ አይደለም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።