የጕልበት መስቀለኛ ጅማቶችና የመገጣጠሚያው ጽናት




ጕልበት የሚለው ቃል በአማርኛ የእግርን መገጣጠሚያም ኀይልንም የሚሰይም መሆኑ ለመሐንዲስ ጆሮ ደስ ያሰኛል። የሞተርን ዐቅም እንኳ በፈረስ ጕልበት እንለካለን። ይሁን እንጂ ኀይሉን የሚያመነጨው ጡንቻው ነው፤ የመገጣጠሚያው ድርሻ ኀይሉን ሳይናጋ ማሳለፍ ነው። ይህ ጽናት ከየት እንደሚመጣ በመጠኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የጕልበትን ዐጥንቶች ከሥጋ ተለይተው ለተመለከታቸው ሰው አቋማቸው እምነት የሚጣልበት አይመስልም። የዳሌ መገጣጠሚያ በጥልቅ ጽዋ ውስጥ እንደ ገባ ኳስ ነው። በጕልበት ግን የጭን ዐጥንት ሁለት ክብ ጕብታዎች የሚያርፉት ሜዳ ለመሆን ጥቂት በቀረው፣ ያውም በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ባዘቀዘቀ የቅልጥም ዐጥንት ዐናት ላይ ነው። ሰው ቆሞ ሲጫነው ጭኑ ወደ ኋላ፣ ቅልጥሙም ወደ ፊት ሊንሸራተት በተገባው ነበር።

የሚያግደው ጅማት ነው። ጅማት ስል ጡንቻን ከዐጥንት የሚያገናኘውን ሳይሆን ዐጥንትን ከዐጥንት የሚያስረውን ማለቴ ነው። በመገጣጠሚያው መካከል እንዲህ ያሉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ከቅልጥም ዐናት የፊት ክፍል ተነሥቶ ወደ ኋላና ወደ ላይ በመውጣት በውጭው ጕብታ ግድግዳ ላይ ይተከላል፤ የኋለኛው ከቅልጥም ጀርባ ተነሥቶ በውስጠኛው ጕብታ ግድግዳ ላይ ይተከላል። ስለሚተላለፉም መስቀለኛ ተባሉ። በትለር፣ ኖይስና ግሩድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ቅልጥም ወደ ፊት ሲጎተት ከሚነሣው ተቃራኒ ኀይል 86 በመቶ ያህሉን የፊተኛው፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ 95 በመቶ ያህሉን የኋለኛው እንደሚሸከም አሳይተዋል። ሁለቱም እንደ ድንኳን አውታር ናቸው፤ ሲወጠሩ ይሸከማሉ፣ ሲገፉ ይላላሉ።

ማገድ ግን የሥራቸው እኩሌታ ብቻ ነው። የማግኔት ፍሰት መለኪያ በስሙ የተጠራለትን ቪልሄልም ቬበርን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይኸው ሰው ከወንድሙ ከኤድዋርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ ሰው አካሄድ መካኒክ መጽሐፍ እንዳሳተመ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ወንድማማቾቹ ጕልበት ሲታጠፍ የጭን ዐጥንት በቅልጥም ላይ እንደሚንከባለልም እንደሚንሸራተትም አስረዱ። የጕብታው ዙሪያ ከሚያርፍበት ገጽ እጥፍ ያህል ስለሚረዝም፣ እንደ መንኰራኵር መንከባለል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭኑ ከቅልጥሙ ጀርባ ወድቆ በቀረ ነበር። በአንድ ቦታ መንሸራተት ብቻ ቢሆን ደግሞ ከቅልጥሙ የኋላ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ መታጠፉ ባጭሩ በተቋጨ ነበር። ሁለቱን በልክ የሚያጣምሩት መስቀለኞቹ ጅማቶች ናቸው። ሁለቱን ጅማቶችና ሁለቱን ዐጥንቶች እንደ አራት ክንዶች ብንቆጥራቸው፣ የምናውቀውን ባለ አራት ክንድ መካኒዝም እናገኛለን፤ የመዞሪያው ማዕከልም ጅማቶቹ በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ሆኖ በመታጠፍ ጊዜ ወደ ኋላ ይጓዛል። እርግጥ ይህ የጎን ሥዕል ብቻ ነው፤ በኋላ የመጡ የማግኔት ምስሎች የውስጠኛው ጕብታ እምብዛም ሳይነቃነቅ የውጭው ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ማለትም ጕልበት ሲታጠፍ እንደሚጠመዘዝም አሳይተዋል።

ይህን የዘነጋ ንድፍ ምን እንደሚገጥመው ታይቷል። በ1950ዎቹ ዓመታት ዋልዲየስ በስዊድን፣ ሺርስም በእንግሊዝ አገር የታመመን ጕልበት በአንድ ዘንግ ላይ በሚዞር ማጠፊያ ተኩ። ማጠፊያው በራሱ የጸና ስለሆነ ጅማቶቹ አላስፈለጉም። የብዙ በሽተኞች ሕመም ቀለለ፤ ነገር ግን ሰው ዞር ባለ ቁጥር ማጠፊያው የከለከለው ጥምዘዛ ወደ ዐጥንቱ ስለሚተላለፍ፣ ውሎ አድሮ መሣሪያው ከተተከለበት ይላላ ጀመር። በእኔ አስተያየት በጥንካሬ ስም ግትርነትን መግዛት ከሙያችን የቆዩ ፈተናዎች አንዱ ነው፤ በድልድይ ላይ የመስፋፊያ ክፍተት የምንተው ሰዎች ይህን ልንስተው አይገባም ነበር።

ጅማቱ ደካማ አይደለም። ዉና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እንደ ዘገቡት፣ ከ22 እስከ 35 ዓመት በሆናቸው ሰዎች የፊተኛው ጅማት የሚበጠሰው በአማካይ በ2160 ኒውተን ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆናቸው ግን በ658 ኒውተን። ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው በቀጥተኛ መንገድ ያለ ችግር ሊሄድ ይችላል፤ ድንገት ሲዞር ግን ጕልበቱ ይከዳዋል። መክዳቱ ሲደጋገምም በዐጥንቶቹ መካከል ያሉት ሜኒስከስ የሚባሉት ትራሶች ይቀደዳሉ።

ቀዶ ሐኪሙ በሌላ ጅማት ሲተካው የሚገጥመው ችግር የእኛው ነው። በጭን ዐጥንት ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከተፈጥሮው ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢቀር፣ ጕልበት ሲታጠፍ በሁለቱ መትከያዎች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ወይ ጕልበቱ አልታጠፍ ይላል፣ ወይ አዲሱ ጅማት እየተለጠጠ ይላላል። ስለዚህም መሰርሰሪያው ዐጥንቱን ከመንካቱ በፊት ቦታውን የሚያሳይ መምሪያ መሣሪያ ይታሰራል።