መካከለኛ ጥንድ በዳግም ጭማሪ ፊት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የካርታ ጨዋታ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት መነሣቱ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን የጨዋታን ንድፈ ሐሳብ በሰፊው የገለጹበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1944 ሲያሳትሙ፣ አንዱን ክፍል የሰጡት ለፖከር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቼዝ ሁሉም ነገር በገበታው ላይ ይታያል፤ በፖከር ግን ከሚታየው የተሰወረው ይበልጣል። ተጫዋቹ ያልተሟላ መረጃ ይዞ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ በራሱ ገንዘብ መወሰን ግድ ይሆንበታል። መሬቱ ሳይቆፈር የመሠረቱን ጥልቀት ለመወሰን የተገደደ መሐንዲስ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

የንግግሩ ርእስ ከዚሁ ጨዋታ የተወሰደች አንዲት ጠባብ ጥያቄ ናት። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደለዋል፤ ቀጥሎ አምስት የጋራ ካርታዎች፣ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድነት፣ ኋላም አንድ አንድ እየሆኑ፣ በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ። ውርርዱ የሚጀመረው ከመገለጣቸው በፊት ነው። ከ52ቱ ካርታዎች 1,326 የሁለት ካርታ ጥምረቶች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 78ቱ ጥንዶች ናቸው፤ ይኸውም በአማካይ ከ17 ዕደላ አንዱ ማለት ነው። ሁለት አስ ወይም ሁለት ንጉሥ ለደረሰው ሰው ምክር አያሻውም፤ ሁለት ሦስት የደረሰውም ቢጥለው ብዙ አይቆጭም። አስቸጋሪው በመካከል ያለው፣ ከሰባት እስከ ዐሥር የሚደርሰው ጥንድ ነው። ለመጣል ያሳሳል፤ ለመያዝ ያሰጋል።

ሁኔታው በቁጥር ይቀመጥ። በላስ ቬጋስ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባትና ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት በቁማር ቤቶች በሚሠሩባት ከተማ፣ የግዴታ መነሻ መደቦቹ 1 እና 2 ዶላር የሆኑበት ጠረጴዛ አለ እንበል። ሁለት ስምንት የያዘው ተጫዋች መደቡን ወደ 6 ዶላር ከፍ ያደርጋል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው፣ በኃይለኛነቱ የታወቀ ሰው፣ ወደ 20 ያወጣዋል፤ የቀሩት ካርታቸውን ይጥላሉ። በመሐል 29 ዶላር ተከማችቷል፤ ባለ ስምንቱ ለመቀጠል 14 ዶላር መጨመር አለበት። መንገዱ ሦስት ነው፤ መጣል፣ እኩል ከፍሎ መከተል፣ ወይም ያለውን ሁሉ አስገብቶ መግጠም።

ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው «ሦስተኛ ስምንት ይመጣልኛል» ብሎ ነው። ካልታዩት 50 ካርታዎች ስምንቶቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ቢያንስ አንዱ ስምንት የመሆኑ ዕድል ከመቶ 11.8 ነው፤ ከስምንት ተኩል ጊዜ አንድ ጊዜ እንደ ማለት ነው። 14ቱ ዶላር በዚህ ተስፋ ብቻ ኪሣራውን እንዲሸፍን ከተፈለገ፣ ስምንቱ በመጣ ቁጥር በአማካይ 105 ዶላር ማስገኘት አለበት። 29ኙ በመሐል አለ፤ የቀረው 76 ዶላር ገና ከባላጋራው ኪስ የሚወጣ ነው። ባላጋራው በፊቱ የቀረው 60 ዶላር ከሆነ ሒሳቡ ገና ሳይጀመር ከስሯል። 180 ዶላር ቢኖረው እንኳ ያን ያህል የሚከፍለው እርሱም ጠንካራ ካርታ ሲይዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ ባላጋራው ይበልጥ ኃይለኛ በሆነ ቁጥር፣ በባዶ ካርታ የሚያስፈራራበት ጊዜ ይበዛል፤ ባዶ የያዘ ሰው ደግሞ ሦስት ስምንት ሲገጥመው ጥሎ ይሄዳል እንጂ አይከፍልም። ስለዚህ ለኃይለኛው ተጫዋች መልስ ይሆናል የተባለው ስልት ይበልጥ የሚደክመው በኃይለኛው ተጫዋች ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ዓይነት ሀብት ነው።

ሌላው አቀራረብ የባላጋራውን ካርታ ከመገመት ይልቅ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ጥምረቶች ሁሉ መቁጠር ነው። ዳግመኛ ከፍ የሚያደርገው በአሶች፣ በንጉሦች፣ በንግሥቶች፣ እንዲሁም በአስና ንጉሥ ብቻ ከሆነ፣ ጥንዶቹ እያንዳንዳቸው 6፣ በድምሩ 18 ጥምረት ይሆናሉ፤ አስና ንጉሥ 16 ነው፤ ጠቅላላው 34። ሁለት ስምንት ከትልቅ ጥንድ ጋር ሲገጥም ከመቶ 19 ያህል፣ ከአስና ንጉሥ ጋር ሲገጥም ደግሞ ከመቶ 54 ያህል ጊዜ ያሸንፋል። በጥምረቶቹ ብዛት ተመዝኖ አማካዩ ከመቶ 36 ነው።

ለመከተል የሚያስፈልገው 14 ለ43፣ ማለት ከመቶ 32.6 ነው። 36 ከ32.6 ስለሚበልጥ መከተሉ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ እውነት የሚሆነው ውርርዱ እዚያው ላይ ቢቆም ነበር። አይቆምም። ከሦስቱ የጋራ ካርታዎች ቢያንስ አንዱ ከስምንት የሚበልጥ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 87 ያህል ነው፤ ያን ጊዜ ባላጋራው ሲወራረድ ባለ ስምንቱ ብዙ ጊዜ የሚበልጠውን ካርታ ይዞ ሳለ ይጥላል። ከ36ቱ 32.6ን በእጁ ለማስገባት ከመቶ 90 የሚበልጥ የሥራ ብቃት ያስፈልገዋል። ጥሩ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ይሰጣል፤ በየዙሩ አስቀድሞ ለመናገር የተገደደ ባለ መካከለኛ ጥንድ ግን አይሰጥም። ተራው ከባላጋራው በኋላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይሻሻል ነበር፤ የሌላውን ሥራ አይቶ መወሰን በዚህ ጨዋታ ከካርታ አይተናነስም።

ሦስተኛው መንገድ ድፍረት ይመስላል እንጂ ከሦስቱ ለስሌት የሚመቸው እርሱ ነው። ሁለቱም ሲጀምሩ 80 ዶላር ነበራቸው እንበል። ባለ ስምንቱ የቀረውን 74 ዶላር ሁሉ ሲያስገባ፣ ባላጋራው ከጣለ 29 ዶላር ያለ ጠብ ይገኛል። በ34ቱ ጥምረቶች ከተከተለ በመሐል 163 ዶላር ይከማቻል፤ የዚህ 36 በመቶ 58.7 ስለሆነ በአማካይ 15.3 ዶላር ይጠፋል። ሁለቱ የሚመጣጠኑት ባላጋራው ከመቶ 35 ጊዜ ሲጥል ነው። እንግዲህ በጥምረት ሲቆጠር፣ ከ34ቱ በላይ ለማስፈራራት ብቻ የሚጠቀምባቸው 18 ተጨማሪ ጥምረቶች ካሉት ሚዛኑ ይስተካከላል፤ ከ18 ካለፈ ትርፍ ነው። ይህ ጥቂት ነው፤ በኃይለኛነቱ የታወቀ ሰው ከዚህ እጅግ ያልፋል። በብዙ የቁማር ቤቶችም የጋራ ካርታ ሳይገለጥ ካለቀ ዙር ቤቱ ድርሻውን አይወስድም፤ ትንሽ ቢሆንም መዘንጋት የለበትም።

የገንዘቡ መጠን ሲለወጥ ፍርዱም ይለወጣል። ሁለቱ በ80 ፋንታ 200 ዶላር ይዘው ቢሆን፣ 29 ዶላር ለማግኘት 194 ዶላር አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ባላጋራውም ከመቶ 63 ጊዜ መጣል ይኖርበታል። የማስፈራሪያው ጥምረት ከ18 ወደ 57 ወጣ ማለት ነው። ያው ጥንድ፣ ያው ባላጋራ፣ ግን ሌላ ጭነት። በዚህ ጊዜ የሰውየው ልማድ በቅርብ ካልታወቀ 6ቱን ዶላር ትቶ መነሣት አሳፋሪ አይደለም።

የዚህ ጉዳይ ታዋቂ ምሳሌ የታየው እ.ኤ.አ. በ1989 በላስ ቬጋስ፣ በዓለም የፖከር ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ ነው። ጆኒ ቻን በ1987 እና በ1988 አሸንፎ ሦስተኛውን ይጠባበቅ ነበር። ባላጋራው የ24 ዓመቱ ፊል ሄልሙት ሁለት ዘጠኝ ይዞ ከፍ አደረገ፤ ቻን ዳግመኛ ከፍ አደረገ፤ ሄልሙት ያለውን ሁሉ ገፋ፤ ቻንም ተከተለ። የቻን ካርታ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አስና ሰባት ነበሩ። ቻን የገባው ከንግሥት ጥንድ አንሥቶ ወደ ላይ ባሉት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሄልሙት ተሸናፊ ነበር፤ ነገር ግን የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ስለሆነ ጥምረቶቹ ሰፊ ናቸው፤ ዘጠኞቹም በዚያ ካርታ ላይ ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል ያሸንፋሉ። ሁለት ንጉሥና አንድ ዐሥር ተገለጡ፤ ሦስቱም ከዘጠኝ ይበልጣሉ፤ አንዳቸውም ቻንን አልጠቀሙም። ሄልሙት ባለ ድል ሆነ። ቀስ ብሎ ተከትሎ ቢሆን፣ በእነዚያ ሦስት ካርታዎች ፊት ዘጠኞቹን ይዞ መቆየት ምን ያህል በከበደው ነበር!

ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን ኮምፒዩተር ተረክቦታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ከአራት የሙያው ሰዎች ጋር 120,000 ዙር ተጫውቶ አሸንፏል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ለመካከለኛ ጥንድ የሚሰጡት መልስ አንድ ብቻ አይደለም። ያንኑ ጥንድ፣ በዚያው ሁኔታ፣ በተወሰነ መጠን አንዳንድ ጊዜ ይከተሉበታል፣ አንዳንድ ጊዜ ሁሉን ይገፉበታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጥሉታል፤ ባላጋራው ልማዳቸውን ቆጥሮ እንዳይደርስባቸው ነው። ሰው በሐሳቡ ዕጣ መጣል ስለማይሆንለት፣ አንዳንድ ተጫዋቾች ከመወሰናቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን የሰኮንድ ዘንግ ይመለከታሉ፤ ዘንጉ ከሠላሳ በታች ከሆነ ይከተላሉ፣ ከሠላሳ በላይ ከሆነ ይጥላሉ።