ጊታር ያነገበው የባቡር ሠራተኛ

በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት፣ በምድር ባቡር ፍሬን ያዥነት እንጀራውን ሲያበስል የነበረው ጂሚ ሮጀርስ፣ የሳምባ ነቀርሳ አድሮበት ከሐዲዱ በተለየ ጊዜ፣ ከጥቁሮች የሐዲድ ሠራተኞች የቀሰመውን የእንጉርጉሮ ዜማ ስንቅ አድርጎ፣ ጊታሩን አንግቦ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ጀመር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ ድምፁ በሸክላ ከተቀረጸ በኋላም ዝናው በአገሩ ሁሉ ናኘ። ሕማሙ ቢጸናበትም፣ በድንኳን ለተሰበሰበ ሕዝብ መዝፈኑን አልተወም፤ የቤተ ሰቡ ሲሳይ ከዚያ ነበርና።

በ1933 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ኒውዮርክ ላይ ዘፈኖቹን ሲያስቀርጽ፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው እስኪሸጋገር ድረስ በቀረጻው ክፍል በተዘረጋለት አልጋ ጋደም ይል፣ ትንፋሹም ሲመለስለት ተነሥቶ በማይክሮፎኑ ፊት ይቆም ነበር። ይህን ትጋት ከዝናው ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። የመጨረሻውን ዘፈን ባስቀረጸ በሁለተኛው ቀን፣ በ35 ዓመቱ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈ፤ አስከሬኑም በባቡር በሚሲሲፒ ወዳለችው ሜሪዲያን ከተማ ተመለሰ። በ1961 ዓ.ም. ለካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ መጀመሪያ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።