ጣታችንንም እንለካ



ደም ግፊቱን የሚለካ፣ ስኳሩን የሚለካ በመካከላችን አለ። ጣቱን የሚለካ ግን አላየሁም። ክር በመርፌ አልገባ ሲል «ዓይኔ ነው»፣ የሸሚዝ ቁልፍ አልቆለፍ ሲል «እርጅና ነው» እንላለን። እዚህ ሐይቅ ከተማ መረብ የሚቋጥረውም ሆነ እንዝርት የምታሾረው የሚያድሩት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። ጣት ሲዘገይ ቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ዝም ይላል እንጂ።

መለኪያው ከባድ አይደለም። ጄብሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት የእጅ መፈተኛ የቤት ሥራ ይመስላል፦ መጻፍ፣ ካርድ መገልበጥ፣ ሳንቲምና የጠርሙስ ቆርኪ ለቅሞ ጣሳ ውስጥ መክተት፣ ቦሎቄ በማንኪያ ማንሳት። ሁሉም በሰከንድ ይያዛል። ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሰሌዳም አለ፤ ዘጠኝ እንጨት አንድ በአንድ ሰክቶ መንቀል ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በ20 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ለኛ ቦሎቄ፣ ጣሳና የስልክ ሰዓት ይበቃናል። ፉክክሩ ከጎረቤት ጋር አይደለም፤ ያለፈውን ጊዜያችሁን ጻፉና ከሱ ጋር አስተያዩት። እየዘገየ ከሄደ ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ። አንድ እጅ ድንገት ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ ግን ሰዓት መያዝ የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

አሁን ጣትን ስለሚጎዳ፣ ልናነሳው ስለማንወደው በሽታ ልናገር። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስንቱ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እንደታከመ የወሎ ሰው ያውቃል። በሽታው በክርን በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ሲይዝ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፤ ቆይተው ይቆለመማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የደነዘዘውን ግን መልኩ ያልተለወጠውን እጅ ደረጃ 1፣ የተቆለመመውን ደረጃ 2 ይለዋል። እኔ የምፈራው ደረጃ 1ን ነው፤ ምጣድ ሲያቃጥላት የማታውቅ እናት ቁስሉን የምታየው ሲመግል ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ በትንሿና በቀለበት ጣት መካከል ወረቀት ያዙ፤ ሌላ ሰው ሲስበው በቀላሉ ካመለጣችሁ ለባለሙያ አሳዩ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ነርቭ ከተጎዳ ስድስት ወር ሳይሞላው የታከመ ሰው ጣቱ የመመለስ ዕድል አለው። እጁን ጋቢ ውስጥ ሸሽጎ የሚከርም ሰው የሚያባክነው ይህን ጊዜ ነው።

በሉ፣ ጣሳዎቹ ቀርበዋል። ሁለት ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ይልቀም፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ። በማትሠሩበት እጅ ጀምሩ።